ስኮፑን ይተዉት፤ ከኋላ ያሉትን ሁለት ብሎኖች ይዩ

ጥያቄው፦ «የምኖረው ኮሎራዶ፣ አውሮራ ነው። ለብዙ ዓመት አብሮኝ የሠራ አንድ ሽማግሌ አደን ሲያቆም ሬሚንግተን 721 ጠመንጃውን ሸጠልኝ፤ ካሊበሩ 30-06 ነው። ላዩ ላይ አንድ ወጥ የሆነ አሮጌ የስኮፕ (የማነጣጠሪያ መነጽር) መቀመጫ አለው፤ ከኋላው ግራና ቀኝ ሁለት ትልልቅ ብሎኖች አሉበት። አዲስ 3-9×40 ስኮፕ (ከ3 እስከ 9 ጊዜ የሚያጎላ) ከሚገጥሙት ቀለበቶች ጋር ገዝቼ ራሴ አሰርኩት። የፊተኛው ቀለበት ጠንክሮ አልዞር ስላለኝ ስኮፑን አስሬበት በስኮፑ አዙሬ አስገባሁት። ቤት ውስጥ በሌዘር ስለካው ልክ ነበር። ተኩስ ሜዳ ስሄድ ግን 100 ያርድ ላይ ወረቀቱን እንኳ አላገኘሁትም። 25 ያርድ ላይ 10 ኢንች ወደ ቀኝ ይመታል። የጎን መዘውሩን እስኪቆም ድረስ ወደ ግራ አዞርኩት፤ አሁንም 2 ኢንች ወደ ቀኝ ነው። የከፍታው መዘውርም ጥቂት ዞሮ ይቆማል። ስኮፑ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀልም ያዘነበለ ይመስለኛል። አንዱ ጓደኛዬ ስኮፑ ርካሽ ስለሆነ ነው፣ የሺህ ዶላሩን ግዛ ይለኛል። ሌላው ጠመንጃው ላይ ያሉት የብሎን ቀዳዳዎች ተጣመዋል፣ እንደገና ይሰርሰሩ ይላል። ሦስተኛው ከቢራ ቆርቆሮ ቆርጠህ ከሥሩ አስገባ ይላል። የአጋዘን አደን ሳይደርስ ምን ላድርግ?»

ከሦስቱ ምክሮች አንዱንም አይፈጽሙ። የተበላሸ ስኮፕ ጠባዩ ሌላ ነው። አንዱን ጥይት ቀኝ፣ ቀጣዩን ግራ፣ ሦስተኛውን ወደ ላይ ይበትናል፤ መዘውሩን ሲያዞሩት አይታዘዝም፣ ወይም ሁለት ሦስት ጥይት ካለፈ በኋላ ድንገት ይዘላል። የእርስዎ ግን ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው የሚስተው፤ መዘውሩን ሲያዞሩለትም ከ10 ኢንች ወደ 2 ኢንች መጥቷል። 8 ኢንች ታዟል ማለት ነው። የዚህ ዓይነት ስኮፕ ብዙውን ጊዜ ከጫፍ እስከ ጫፍ 60 የማዕዘን ደቂቃ (አንዱ የዲግሪ ስድሳኛ ነው) ያህል መንቀሳቀሻ አለው፤ ከመሃል ወደ አንዱ ጎን ሲቆጠር 30 ነው። 30 የማዕዘን ደቂቃ 25 ያርድ ላይ ወደ 8 ኢንች ይጠጋል። ስለዚህ ስኮፑ ያለውን ሁሉ ሰጥቶዎታል። ጉድለቱ ያለው ከሥሩ ነው።

ከሥሩ ያለውን መቀመጫ ከገለጻዎ አውቀዋለሁ። ለእናንተ ከተማ ደግሞ ባዳ አይደለም፤ ይህን አሠራር ያስለመደው እ.ኤ.አ. በ1909 ዴንቨር ውስጥ የተቋቋመው ሬድፊልድ ነው። የዴንቨሩ ፋብሪካ በ1998 ቢዘጋም ሌሎች ኩባንያዎች ይህንኑ ዓይነት መቀመጫ እስከ ዛሬ ያመርታሉ። አሠራሩ እንዲህ ነው። የፊተኛው ቀለበት እግር መቀመጫው ውስጥ ገብቶ ሩብ ዙር ሲዞር ይቆለፋል፤ ስኮፑን በርግጫ ጊዜ የሚይዘው እሱ ነው። የኋለኛው ቀለበት ግን በሁለቱ ትልልቅ ብሎኖች ጭንቅላት መካከል የተያዘ ብቻ ነው። ብሎኖቹ የተሠሩት ለማጥበቅ ብቻ ሳይሆን የስኮፑን ኋላ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ለመግፋትም ነው። የግራው ሲጠብቅ ቀለበቱን ወደ ቀኝ ይገፋዋል፤ የቀኙ ሲጠብቅ ወደ ግራ። ዋናው የጎን ማስተካከያ እነሱ ናቸው፤ የስኮፑ መዘውር ለመጨረሻዋ ጥቂት ነገር የተቀመጠ ነው።

እንደምገምተው እርስዎ የግራውን ብሎን አስቀድመው ጥርቅም አድርገው አጠበቁት፤ ከዚያ የቀኙን እስኪነካ አመጡት። ቀለበቱ ወደ ቀኝ ተገፍቶ ቀረ። የስኮፑ ኋላ ወደ ቀኝ ሲሄድ ፊቱ ወደ ግራ ያያል፤ እርስዎ በስኮፑ ኢላማውን ሲይዙ በርሜሉ ከኢላማው ቀኝ ያያል። የጥይቱ ወደ ቀኝ መሄድ ምክንያቱ ይኸው ነው። ምን ያህል እንደተገፋም ማስላት ይቻላል። በሁለቱ ቀለበቶች መካከል 5 ኢንች ያህል አለ እንበል። 25 ያርድ 900 ኢንች ነው። 10 ኢንች ለ900 ሲካፈል፣ ያ ደግሞ በ5 ኢንች ሲባዛ ከ0.06 ኢንች በትንሹ ያንሳል፤ ወደ 1.4 ሚሊሜትር ነው። ይህ በዓይን የሚታይ ነው። ከጠመንጃው ኋላ ቆመው ሁለቱን ብሎኖች ቢያዩ የአንዱ ጭንቅላት ወደ ውስጥ ገብቶ፣ የሌላው ወደ ውጭ ወጥቶ ያገኙታል።

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ልኩ ስለማይታየው ነው። አንድ ተራ የጽሕፈት ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊሜትር ያህል ነው። ያን ወረቀት ከአንዱ ቀለበት ሥር ቢያስገቡት 100 ሜትር ላይ ጥይቱ 8 ሴንቲሜትር ገደማ ይዛወራል። የአንድ ወረቀት ነገር ነው! ስለዚህ አሮጌ ጠመንጃ ላይ ትንሽ ጉብ ያለ ብረት፣ ከመቀመጫው ሥር የደረቀ ዘይት፣ ወይም ብሎን ቀዳዳ ውስጥ የተረሳ ቆሻሻ ካለ፣ ስኮፑ የሺህ ዶላር ሆነ የመቶ ሁለቱም እኩል ይስታሉ። ውድ ስኮፕ የሚሰጥዎ ጥርት ያለ ብርሃንና ጥንካሬ ነው። የተጣመመ መቀመጫ አያቃናም።

የከፍታው መዘውር ጥቂት ዞሮ የቆመውም በዚሁ ምክንያት ነው። በስኮፑ ቱቦ ውስጥ መስቀሉን የሚያንቀሳቅስ ሌላ ቀጭን ቱቦ አለ። ያ ውስጠኛው ቱቦ የሚንቀሳቀሰው በክብ ቦታ ውስጥ ነው፤ አራት ማዕዘን ቢሆን ኖሮ ጎንና ከፍታ አይነካኩም ነበር። ክብ ስለሆነ ግን አንዱን ጎን እስከ ግድግዳው ሲገፉት ለላይና ለታች የሚቀር ቦታ የለም። የጎኑን ወደ መሃል ሲመልሱት የከፍታው ራሱን ይፈታል። በጉልበት አያዙሩት። ደግሞም ጫፍ ላይ ተጣብቆ የሚሠራ ስኮፕ ውስጡ ያለችው ስፕሪንግ በትክክል ስለማትገፋ ዜሮውን (ጥይቱ መስቀሉ ባረፈበት እንዲመታ የተደረገውን ማስተካከያ) አይጠብቅም። ቀሪዋን 2 ኢንች በሆነ ዘዴ አጥፍተው ወደ አደን ቢሄዱ ኖሮ ጫካ ውስጥ የሚቆጭዎ ነበር።

ሌዘሩንስ? በርሜል ውስጥ የሚገባ ርካሽ ሌዘር ራሱ ቀጥ ብሎ አልተገጠመ ይሆናል። አፈሙዙ ላይ እንዳለ ቀስ ብለው ያዙሩት፤ ግድግዳው ላይ ያለችው ነጥብ ባለችበት ከረጋች ሌዘሩ ደህና ነው። ክብ ከሠራች እውነተኛው አቅጣጫ የክቡ መሃል ነው እንጂ ነጥቧ አይደለችም። ያም ሆኖ ቦልት (ከኋላ ተስቦ የሚወጣ መዝጊያ) ላለው ጠመንጃ ሌዘር አያስፈልግም፤ ቦልቱን አውጥቶ በበርሜሉ ቀዳዳ ውስጥ በዓይን ማየት ይበልጣል።

የሚያስፈራኝ ምክር ግን የመሰርሰሪያው ነው። በአሮጌ ጠመንጃዎች ላይ በእውነት ተጣመው የተሰረሰሩ ቀዳዳዎች ያጋጥማሉ፤ በድሮ ዘመን ማታ ማታ ጋራዥ ውስጥ በእጅ መሰርሰሪያ የተበሱ ብዙ አሉ። 721 ግን እ.ኤ.አ. በ1948 ገበያ ላይ ሲውል ጀምሮ ለስኮፕ የሚሆኑት ቀዳዳዎች ከፋብሪካ ነው የወጡት። ስለዚህ ቀዳዳውን የምንጠረጥረው ሌላው ሁሉ ተፈትሾ ካለቀ በኋላ ነው። በርግጥ ተጣሞ ቢገኝም መድኃኒቱ በባለሙያ ማሽን ላይ ቀዳዳውን ቀጥ አድርጎ ወደሚሰፋው 8-40 ብሎን ማሳደግ ነው። በቤት መሰርሰሪያ የሚነካ ነገር አይደለም፤ የፊተኛው ቀዳዳ ከሥሩ ያለው በርሜሉና ጥይቱ የሚቀመጥበት ክፍል ነው። የቢራ ቆርቆሮውም ቢሆን የከፍታ ችግር ላለበት፣ ከመቀመጫው ሥር ተስተካክሎ ሲገባ የሚጠቅምበት ጊዜ አለ። የጎንን ችግር ግን ፈጽሞ አይፈታም። ቀለበቱ ውስጥ ከገባ ደግሞ የስኮፑን ቱቦ ይጎዳል።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ በፊት ስለዚህ ጠመንጃ ማወቅ ያለብዎት ነገር አለ። በ721 ላይ ሴፍቲው (እንዳይተኩስ የሚይዘው መቆለፊያ) ሲዘጋ ቦልቱንም ይቆልፈዋል፤ ጥይቱን ለማውጣት ሴፍቲውን ወደ ተኩስ መግፋት ግድ ነው። በዚያች ቅጽበት አፈሙዙ ወዴት እንደሚያይ አጥብቀው ያስቡ። ዎከር ተብሎ የሚጠራው የዚህ ሞዴል ምላጭ ደግሞ ሳይነካ ይተኩሳል በሚል አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት የፍርድ ቤት ክርክር ያስነሳ ነው። ኩባንያው ጉድለት አለበት መባሉን ሲክድ ቢቆይም በመጨረሻ ስምምነት የተደረሰባቸው ሞዴሎች ዝርዝር ውስጥ 721ም ነበረበት። የእርስዎ ጠመንጃ ችግር አለበት እያልኩ አይደለም። ነገር ግን ከአስርት ዓመታት ዘይትና አቧራ በኋላ ምላጩን የጠመንጃ ጠጋኝ ሳያየው ጫካ ይዘውት አይውጡ። ይህን ምክር ከስኮፑ ምክር በላይ እንዲሰሙኝ እፈልጋለሁ።

ቦልቱን አውጡና ጥይት የሚቀመጥበትን ክፍል በዓይንም በጣትም ይፈትሹ። ጥይቶቹን ወደ ሌላ ክፍል ይውሰዱ። ከዚያ ስኮፑን ያውርዱና የፊተኛው ቀለበት የያዘበትን የቱቦውን ክፍል በመስኮት ብርሃን እያዞሩ ይዩት። ስኮፑን እንደ መፍቻ እጀታ ተጠቅመውበታልና የምሰጋው እዚህ ላይ ነው። በሥራ ጠረጴዛዬ ላይ እንዲህ የተደረጉ ስኮፖች አይቻለሁ፤ የቀለበቱ ጠርዝ በቱቦው ላይ የጥፍር ጨረቃ የመሰለች ስርጉድ ምልክት ይተዋል። ጣትዎን ሲያሳልፉበት ምንም ካልያዘዎትና ቀጥ ያለ ማስመሪያ ቱቦው ላይ ሲያጋድሙ በመካከል ብርሃን ካልታየ፣ ተርፏል። ቀለሙ ላይ ጭረት ብቻ ካለ ግድ የለም። ስርጉዱ ከጠለቀ ግን ያን ጊዜ በእውነት ስኮፕ ይገዛሉ፤ ያኔም የሺህ ዶላሩ አያስፈልግዎትም።

ቱቦው ደህና ከሆነ መዘውሮቹን ወደ መሃል ይመልሱ። የጎኑን ቀስ ብለው እስኪቆም ያዙሩት፣ ከዚያ ወደ ሌላው ጫፍ «ቀጭ» የሚለውን እየቆጠሩ ይሂዱ፣ ከዚያ ግማሹን ይመለሱ። ለምሳሌ 240 ቢቆጥሩ 120 ይመለሳሉ። ለከፍታውም እንዲሁ፤ አንዱ ሌላውን ስለሚነካ ሁለቱን ሁለት ጊዜ ይድገሙት። ማረጋገጫው ደስ የሚል ነው፦ የስኮፑን የፊት መስታወት ወደ ጠፍጣፋ የግድግዳ መስታወት አስጠግተው ማጉያውን ዝቅ አድርገው ይመልከቱ። መስቀሉና የመስቀሉ ነጸብራቅ ሁለት ሆነው ከታዩ መሃሉ ገና ነው፤ አንዱ በሌላው ላይ ሲያርፍ መሃል ላይ ነዎት።

ቀጥሎ መቀመጫውን ይንቀሉት። ብሎኖቹ 6-48 የሚባሉት ናቸው፤ ትንንሽ ስለሆኑ ጭንቅላታቸው በቀላሉ ይበላሻል። ጫፉ በስንጥቁ ልክ የሆነ ካቻቢቴ ይጠቀሙ፤ ቤት ያለው ለበር ማጠፊያ የሚሆን አይሆንም። እንቢ ያለ ብሎን ካለ የጋለ የብየዳ ካውያ ጭንቅላቱ ላይ አንድ ደቂቃ ያህል ያሳርፉበት፤ አሮጌው ማጣበቂያ ይለቃል። ከሥሩ ያለውን ዝገትና የደረቀ ዘይት በአልኮል ወይም በአሴቶን ጠርገው ብረቱ ንጹሕ ይሁን። ከዚያ መቀመጫውን መልሰው የፊቱን ብቻ ያጥብቁና ኋላውን ይመልከቱ፤ ከጠመንጃው አካል ላይ ከተነሳ አይቀመጥም ማለት ነው፤ በኃይል ቢያጠብቁት ይጎብጣል። ደህና ከተኛ ሁሉንም ብሎኖች በሰማያዊው ሎክታይት (ብሎን እንዳይላላ የሚይዝ ማጣበቂያ) አንድ ጠብታ ነክተው ይሰሩ። ልኩ ከ15 እስከ 20 ኢንች-ፓውንድ (የማጥበቂያ ኃይል መለኪያ) ነው፤ ይህን የሚለካ የቶርክ ካቻቢቴ ከሌለዎ ይዋሱ። የመጨረሻው ፍተሻ ቦልቱን መልሶ መዝጋት ነው። መጨረሻ ላይ የሚፋቅ ነገር ከተሰማዎት የፊተኛው ብሎን ረዝሞ ቦልቱን እየነካ ነው፤ ረጅሙ ብሎን በአጭሩ ቦታ ገብቷል።

የፊተኛው ቀለበት በስኮፕ አይዞርም። አንድ ኢንች ውፍረት ያለው ጠንካራ የእንጨት ዱላ ወይም የአሉሚኒየም ዘንግ ቀለበቱ ውስጥ አስረው፣ እግሩን በትንሽ ግራሶ ቀብተው፣ በዱላው ያዙሩት። ሲያዞሩት ጠንከር ማለት አለበት፤ ያ ጠንካራነት ነው ስኮፑን የሚይዘው። በጣትዎ የሚዞር ከሆነ አልቋል፣ መቀመጫው መቀየር አለበት። ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየደጋገሙ አያመላልሱት፤ በተመላለሰ ቁጥር ይላላል። የኋለኛውን ቀለበት በሁለቱ ብሎኖች መካከል በዓይን መሃል ላይ ያድርጉት፤ ስኮፑን ሳያጠብቁ ያሳርፉበት።

አሁን ቦልቱን አውጡ፤ ጠመንጃውን በሁለት የአሸዋ ከረጢት ላይ አስቀምጡና ቢያንስ 50 ያርድ የሚርቅ ምልክት ይፈልጉ። ይህን ግቢ ውስጥ የጎረቤት ቤት ላይ አነጣጥረው አያድርጉት፤ ተኩስ ሜዳ ላይ ያድርጉት። ከኋላ በበርሜሉ ቀዳዳ ሲያዩ ምልክቱ በክቡ መሃል እንዲሆን ጠመንጃውን ያደላድሉ፤ ከዚያ ጠመንጃውን ሳይነኩ ዓይንዎን ወደ ስኮፑ ከፍ ያድርጉ። እንደ ቀድሞው ቢሆን መስቀሉን ከምልክቱ በስተግራ ያገኙት ነበር። አሁንም ግራ ከሆነ የግራውን ብሎን ሩብ ዙር ያላሉ፣ የቀኙን ሩብ ዙር ያጥብቁ፤ መልሰው በበርሜሉ ይዩ። የቆመው መስመር ምልክቱ ላይ እስኪያርፍ ይህንኑ ይደጋግሙ። መዘውሩን አይንኩት። መጨረሻ ላይ ሁለቱም ብሎኖች ተደጋግፈው በደንብ መጥበቅ አለባቸው፤ አንዱ ላልቶ ከቀረ ጥቂት ጥይት ሲተኮስ ስኮፑ ይሄዳል። ከፍታው ትንሽ ከራቀ አያሳስብዎት፤ ያ የመዘውሩ ሥራ ነው።

የዓይን ርቀቱን ሰው ሁሉ በቲሸርት ይለካዋል፤ ስህተት ነው። በጥቅምትና በኅዳር ኮሎራዶ ተራራ ላይ ወፍራም ካፖርት ለብሰው ነው የሚተኩሱት። ካፖርቱን ይልበሱ፣ ማጉያውን 9 ላይ ያድርጉ፣ ዓይንዎን ጨፍነው ሰደፉን ወደ ትከሻዎ ያምጡና ጉንጭዎን ያሳርፉ፤ ከዚያ ዓይንዎን ይክፈቱ። ጥቁር ጥላ ሳይኖር ሙሉ ክብ መታየት አለበት። ከዓይንዎ እስከ ስኮፑ 3.5 ኢንች አካባቢ ይሁን። 30-06 ሲተኮስ በኃይል ይመታል፤ የተጠጋ ስኮፕ ቅንድብ ይሰነጥቃል። የዚያ ዘመን ሰደፍ ዝቅ ላለ የብረት ማነጣጠሪያ የተቀረጸ ስለሆነ ጉንጭዎ ከፍ ብሎ ይንሳፈፍ ይሆናል፤ በገመድ የሚታሰር የቆዳ የጉንጭ ትራስ ይበቃል።

መስቀሉን ለማቃናት ጠመንጃውን በውሃ ልክ አስተካክለው፣ 20 ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ቱንቢ ይስቀሉ፤ የቆመውን መስመር ከክሩ ጋር ያስተካክሉ። ከልክ በላይ አይጨነቁበት። ሁለት ሦስት ዲግሪ ያዘነበለ መስቀል 100 ያርድ ላይ የሚያመጣው ለውጥ እምብዛም አይታይም፤ 300 ያርድ ላይ እንኳ ከአንድ ኢንች ብዙ አይርቅም። የቀለበቱን ብሎኖች ግራ ቀኝ እያፈራረቁ ጥቂት ጥቂት ያጥብቁ፤ በሁለቱም ወገን ያለው ክፍተት እኩል ይሁን። 15 እስከ 18 ኢንች-ፓውንድ ይበቃል፤ አምራቹ ሌላ ቁጥር ከጻፈ የእሱን ይከተሉ። ማጣበቂያ እዚህ አያስፈልግም።

ተኩስ ሜዳ ላይ ከ25 ያርድ ይጀምሩ። መዘውሩ በየ«ቀጩ» ሩብ የማዕዘን ደቂቃ የሚንቀሳቀስ ከሆነ 25 ያርድ ላይ አንድ ኢንች ለማዛወር 16 ቀጭ ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው 4 ብቻ አዙሮ ስኮፑ አልታዘዘም ይላል። አራቱ ለ100 ያርድ ናቸው። 25 ላይ መሃል ሲመታ ወደ 100 ይሂዱ። እዚያ 2 ኢንች ያህል ከፍ ብሎ ቢመታ እንዲያ ይተዉት፤ በተለመደው የ30-06 ጥይት 200 ያርድ አካባቢ መሃል ይገባል። ሦስት ሦስት ጥይት እየተኮሱ የሦስቱን መሃል ያስተካክሉ እንጂ እያንዳንዱን ጥይት አያሳድዱ። በርሜሉ በእጅ ሲነካ ለብ ከማለት ካለፈ ይጠብቁት። ወደ አደን የሚወስዱትም ይህንኑ ጥይት ይሁን፤ የጥይቱ ክብደት ሲቀየር የሚያርፍበትም ይቀየራል።

ይህን የሚያነቡ ሌላ ዓይነት አሮጌ ጠመንጃ ያላቸው እንዳሉ አውቃለሁ፤ የተነገረው ሁሉ አይሠራላቸውም። ከ1980ዎቹ መጀመሪያ በፊት የተሠራ ዊንቸስተር 94 ቀለሁን የሚተፋው በላይ በኩል ስለሆነ ስኮፕ መሃል ላይ አይቀመጥበትም፤ ወይ በጎን ወይ ወደ ፊት ተገፍቶ ነው የሚታሰረው። የወታደር ማውዘር ደግሞ የቦልቱ እጀታ ሲነሳ ስኮፑን ይመታል፣ ከኋላ የሚቆመው ሴፍቲም ከስኮፑ ሥር አይዞርም፤ ሁለቱም ካልተቀየሩ አይሆንም። ስለ ማውዘር ካነሳን አንድ ልመና አለኝ። ባለፉት ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ፣ አባቶቻችን ቤልጅግ የሚሏቸው ጠመንጃዎች አሜሪካ ገበያ ላይ ታይተዋል። በላያቸው ላይ የይሁዳ አንበሳ ወይም የንጉሠ ነገሥቱ ምልክት ካዩ መሰርሰሪያ አያስነኩት። አንድ ቀዳዳ ሲበሳበት ታሪኩ ይበሳል፤ የሚደፍነው የለም። ለአደን 721ን የመሰለ ሌላ ሞልቷል።

የእርስዎ ቁርጥ ምክር ይህ ነው። አሮጌውን መቀመጫ አጽድተው፣ መዘውሩን መሃል ላይ አድርገው፣ የኋላ ብሎኖቹን አስተካክለው አንድ ቅዳሜ ይሞክሩት። የፊተኛው ቀለበት ላልቶ ከተገኘ፣ ወይም ብሎኖቹ መሃል ላይ ሆነው 25 ያርድ ላይ አሁንም ከ3 ኢንች በላይ ወደ ጎን ከሳተ፣ አሮጌውን መቀመጫ ይጣሉና በ1962 ለወጣው ለሬሚንግተን 700 ረጅሙ አካል የተሠራ አዲስ መቀመጫ ይግዙ፤ ለ721 ይገጥማል። ቀለበቱን ደግሞ ውስጡ የሚሽከረከር ፕላስቲክ ያለበትን ይምረጡ፤ እዚያው ኮሎራዶ፣ ግሪሊ ያለው በሪስ የሚሠራው ዓይነት። የመሃላቸው ቀዳዳ ወደ አንድ ጎን ያደላ ፕላስቲኮች ስላሉት ቀዳዳው በትንሹ የተጣመመን ጠመንጃ ያለ መሰርሰሪያና ያለ ቆርቆሮ ያቃናል፤ ቱቦውንም አይቧጥጥም። ይህ ሁሉ ተደምሮ ከሺህ ዶላሩ ስኮፕ ጋር አይወዳደርም። አዲሱ መቀመጫም ካልፈታው ነው ጠመንጃው ወደ ባለ ማሽን ጠጋኝ የሚሄደው፤ ምላጩን ሊያስፈትሹ ስለሚወስዱት ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያሳዩት።

ዜሮው ከተያዘ በኋላ በእያንዳንዱ ብሎን ጭንቅላትና በጎኑ ባለው ብረት ላይ በጥፍር ቀለም ቀጭን መስመር ይሳሉ። ከ20 ጥይት በኋላ መስመሮቹን ይዩ። የተሰበረ መስመር ካለ ያ ብሎን ላልቷል፤ ፈትተው አጽድተው እንደገና በልኩ ያጥብቁትና ሦስት ጥይት ተኩሰው ዜሮውን ያረጋግጡ።